ስህተቱን ከአደጋው ቀድሞ መሥራት፦ የሲናሪዮ ሥልጠና እንዴት ይሠራል?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1969። አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ሊነሣ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። በሂዩስተን የቁጥጥር ማዕከል የበረራ ተቆጣጣሪዎቹ ጨረቃ ላይ የማረፉን ሂደት በማስመሰያ እየተለማመዱ ነው። በልምምዱ መሐል ከኮምፒውተሩ አንድ የማስጠንቀቂያ ቁጥር መጣ። ኮምፒውተሩን የሚከታተለው የ26 ዓመቱ ስቲቭ ቤልስ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አላወቀም። ማሰቢያ ጊዜው በሰከንድ የሚቆጠር ነው። ማረፉ እንዲቋረጥ ወሰነ፤ ተቋረጠም።

ልምምዱን የመራው ዲክ ኩስ ከዚያ በኋላ በተደረገው ግምገማ ላይ ውሳኔው ስህተት እንደነበር ነገራቸው። ቁጥሩ የሚናገረው ኮምፒውተሩ ሥራ እንደበዛበትና አንገብጋቢ ያልሆነውን እየተወ ዋናውን እየሠራ መሆኑን ነው። ሌላው ሁሉ ደኅና እስከሆነ ድረስ መቀጠል ይቻል ነበር። የበረራው መሪ ጂን ክራንዝ የማስጠንቀቂያ ቁጥሮቹ በሙሉ እንዲጠኑ አዘዘ። ጃክ ጋርማን የተባለ የ24 ዓመት መሐንዲስ እያንዳንዱ ቁጥር ሲመጣ ምን መደረግ እንዳለበት በእጁ ጽፎ ያዘ። ጁላይ 20 ቀን፣ መንኮራኩሯ ሁለት ሰዎች ይዛ የምር ወደ ጨረቃ እየወረደች ሳለ፣ 1202 የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ጋርማን ወዲያው ለየው። ቤልስም በሰከንዶች ውስጥ «እንቀጥላለን» ብሎ መለሰ።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ስለ ሲናሪዮ ሥልጠና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን ነገር ስለሚያሳይ ነው። አሠልጣኙ የሚመጣውን አልተነበየም። ያደረገው ነገር ቢኖር ሰዎቹ የማያውቁት ነገር እንዳለ፣ መሳሳት ማንንም በማይገድልበት ቀን፣ ለራሳቸው እንዲታያቸው ማድረግ ነው። ከልምምዱ የተገኘው ትልቁ ፍሬም ያ የተሳሳተ ውሳኔ ነበር።

የሲናሪዮ ሥልጠና ማለት በአጭሩ ይህ ነው፦ ሠልጣኞች ያልደረሰ፣ ነገር ግን ሊደርስ የሚችል የአደጋ ታሪክ ውስጥ ይገባሉ። በሥራቸው የያዙትን ኃላፊነት እንደያዙ፣ መረጃው በአደጋ ጊዜ እንደሚመጣው እየተቆራረጠና እየተምታታ ይደርሳቸዋል፤ በዚያው መረጃ ይወስናሉ፤ ውሳኔያቸው ያስከተለውን ያያሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው ይነጋገሩበታል። የአሠራሩ ሥር ረጅም ነው። የፕራሻ ጦር መኮንኖች ከ200 ዓመት በፊት በካርታ ላይ ሲለማመዱ ዳኛው ለእያንዳንዱ ወገን የሚነግረው በዚያ ሰዓት ሊያውቀው የሚችለውን ብቻ ነበር። የዛሬው ሲናሪዮ ዋና ብልሃትም ይኸው ነው፤ ለሠልጣኙ የሚነገረውን መመጠን።

ለምን ንግግርና መመሪያ ብቻውን አይበቃም? የአደጋ ዕቅድ በስላይድ ሲቀርብ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን የያዘ ነው። «አስተባባሪ ኮሚቴው ወዲያውኑ ይሰበሰባል» ይላል። አዳማጩ ራሱን ይነቀንቃል። ኮሚቴውን የሚጠራው ሰው በዚያ ሌሊት ስልኩ ዝግ ቢሆንስ? ምክትሉ የመወሰን ሥልጣን አለው ወይስ የለውም? ወረቀቱ ላይ ይህ ጥያቄ አይነሣም፤ ምክንያቱም ወረቀት ላይ ስልክ ሁልጊዜ ይነሣል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ከአእምሯችን አሠራር የሚመጣ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጋሪ ክላይን በ1980ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር ልምድ ያላቸውን የእሳት አደጋ አዛዦች ሲያጠና፣ አዛዦቹ ቢያንስ ሁለት አማራጭ ይዘው እያወዳደሩ እንደሚወስኑ ገምቶ ነበር። ያገኘው ሌላ ነው። አዛዦቹ አብዛኛውን ጊዜ አያወዳድሩም። ያዩትን ነገር ከዚህ በፊት ካዩት ጋር ያዛምዱና መጀመሪያ የመጣላቸውን የሚሠራ መፍትሔ በሐሳባቸው ሞክረው፣ ካስኬደ ይይዙታል። ስለዚህ በጥድፊያ ውስጥ የሚያድነው ቀድሞ የተከማቸ የልምድ ክምችት ነው። ትልቅ አደጋ ግን በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ውስጥ አንዴ ወይም ሁለቴ ቢያጋጥም ነው፤ ክምችቱ በራሱ አይሞላም። ሲናሪዮ የሚሞላው ይህን ጉድለት ነው፤ ያልኖርነውን ሌሊት ያኖረናል።

የልምምድ ዓይነቶቹ ብዙ ቢሆኑም ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። በጠረጴዛ ዙሪያ ልምምድ ኃላፊዎች ተሰብስበው ታሪኩ እየተነበበላቸው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ርካሽ ነው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። በማዘዣ ማዕከል ልምምድ ሰው በየመሥሪያ ቦታው ሆኖ ስልክና ራዲዮ እየተጠቀመ ይሠራል፤ አምቡላንስ ግን አይንቀሳቀስም። በሙሉ የመስክ ልምምድ አምቡላንሱም ይነሣል፣ ቁስለኛ መስለው የሚተኙ ሰዎችም ይኖራሉ። ብዙ ድርጅቶች ለፎቶግራፍ ስለሚያምር ከሦስተኛው ይጀምራሉ። በእኔ እምነት ስህተት ነው። ማን ምን እንደሚወስን ጠረጴዛ ላይ ሳይለይ ሲሪን ማስጮህ ግርግሩን ብቻ ያስተምራል።

እስቲ አንድ ሲናሪዮ አብረን እንሥራ። ቦታው ወንዝ አጠገብ ያለ ሆስፒታል ነው እንበል። መጀመሪያ የሚጻፈው ዓላማው ነው፤ ታሪኩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። «የጎርፍ ዝግጁነትን መፈተሽ» የሚል ዓላማ ምንም አይፈትሽም፤ የፈለገው ሁሉ አለፍኩ ማለት ይችላል። እንዲህ ቢሆንስ፦ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩም አስጊ ሲሆን፣ ሕሙማን ይውጡ ብሎ የሚወስነው ማን ነው? በምን መረጃ? በስንት ደቂቃ ውስጥ? አሁን መልስ ያለው ጥያቄ አገኘን።

ታሪኩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይጀምራል። የመጀመሪያው መልእክት «ወንዙ እየሞላ ነው፤ ነዋሪዎች እንዲጠነቀቁ ተነግሯል» ይላል። ማንንም ምንም አድርግ አይልም። ፈተናው እዚህ ነው። ከሠልጣኞቹ መካከል ተነሥቶ ስልክ የሚደውል አለ ወይስ ሁሉም ቀጣዩን መልእክት ይጠብቃል? አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቃሉ፤ በእውነተኛ አደጋም የሚባክነው ውድ ሰዓት ይህ ጸጥታ ነው። 2:40 ላይ መብራት ይጠፋል፤ ጄኔሬተሩ ይነሣል፤ ሰው ይረጋጋል። 3:05 ላይ የጥበቃ ሠራተኛው ውሃ ወደ ምድር ቤቱ እየገባ መሆኑን ይናገራል። ጄኔሬተሩ ፎቅ ላይ ነው፤ ነዳጅ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ግን ምድር ቤት። ክፍሉ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው አለ? የጥገና ባለሙያው ካልተጋበዘ መልሱ ምናልባት የለም ነው፤ እሱን አለመጋበዝም ራሱ አንድ ግኝት ነው።

3:20 ላይ ሆስፒታሉ ሰጠመ የሚል የሐሰት ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ይሰራጫል፤ ቤተሰቦች ስልኩን ያጨናንቁታል። በዚያው ደቂቃ ዋና ኃላፊው ስልክ አያነሣም። 3:30 ላይ ሌላ ሆስፒታል 10 ሕሙማን እቀበላለሁ ይላል፤ መንገዱ የሚያልፍበት ድልድይ ግን ተዘግቷል። 3:45 ላይ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ጥያቄ ይመጣል፦ በመተንፈሻ መሣሪያ ያሉ 6 ሕሙማን አሉ፣ ሊፍቱ ቆሟል፣ ማን ይቅደም?

አሠልጣኞች እነዚህን በየመሐሉ የሚወረወሩ አዳዲስ መረጃዎች ኢንጀክት ይሏቸዋል። እያንዳንዳቸው አንድ ውሳኔ ማስገደድ አለባቸው፤ ለድራማ ብቻ የገባ መልእክት ይውጣ። ደግሞም ይህ ልብ ወለድ የሚመስል የፓምፕ ነገር የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ዮርክን ሲመታ የቤልቪው ሆስፒታል መጠባበቂያ ጄኔሬተሮች 13ኛ ፎቅ ላይ ነበሩ፤ የነዳጅ ፓምፖቹ ግን ምድር ቤት ውስጥ ሆነው ሰጠሙ። ሰዎች በጨለማ ደረጃ ላይ ተሰልፈው ነዳጅ በእጅ እየተቀባበሉ ወደ ላይ አደረሱ። በመጨረሻ ግን ሕሙማኑን ሁሉ ማውጣት የግድ ሆነ። እንግዲህ የሲናሪዮ ጸሐፊ ከሥነ ጽሑፍ ተሰጥዖ ይልቅ ሕንፃውን ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ዞሮ ማየት ይጠቅመዋል።

«ይህ እኛ ጋር አይደርስም» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። ለእሱ የምነግረው ሱ ሲቲ በተባለች ከተማ የሆነውን ነው። በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ያለችው የዚህች ከተማ አውሮፕላን ጣቢያ ትልልቅ ሰፊ አካል ያላቸው አውሮፕላኖች በመደበኛነት አያርፉበትም ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1987 የአካባቢው የአደጋ ሠራተኞች እንዲህ ያለ አውሮፕላን ቢከሰከስ በሚል ሙሉ የመስክ ልምምድ አደረጉ። ጁላይ 19 ቀን 1989 የዩናይትድ በረራ ቁጥር 232፣ የመሪ መሣሪያዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት በሙሉ ጠፍቶበት፣ 296 ሰዎች እንደያዘ እዚያው ተከሰከሰ። 112 ሰዎች ሞቱ፤ 184 ተረፉ። አብራሪዎቹ ያሳዩት ብቃት ወደር የለውም፤ ሰዓቱም የሆስፒታል ሠራተኞች ፈረቃ የሚቀያየሩበት መሆኑ ዕድል ነበር። ያም ሆኖ መሬት ላይ የጠበቃቸው ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ የተለማመደ ነበር። ሲናሪዮ ሊሆን የሚችል ይሁን እንጂ የግድ ነገ የሚደርስ መሆን የለበትም። ሰውን የመደርደር፣ ሆስፒታሎችን የማሳወቅ፣ መንገድ የማስለቀቅ ሥራ ለሌላውም አደጋ ያገለግላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ልምምድ የሚያስተምረው የተለማመድነውን ነው፤ ስህተትም ከሆነ ስህተቱን ያስተምራል። ይህን ከጃፓኗ የካማይሺ ከተማ በላይ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም፤ ሁለቱም ገጽታዎቹ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰፈር ታይተዋል።

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታ በኡኖሱማይ ሰፈር ያሉ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ትእዛዝ ሳይጠብቁ ወደ ከፍታ መሮጥ ጀመሩ። አጠገባቸው ያሉት የአንደኛ ደረጃ ልጆች አይተው ተከተሏቸው፤ ትልልቆቹ የትንንሾቹን እጅ ያዙ። የተለማመዱበት የመጀመሪያው መሸሻ ቦታ ሲደርሱ አላመኑትም፤ ሌላ ከፍ ያለ ፈለጉ፤ ከዚያም ሌላ። ውሃው የለቀቁትን ቦታ ዋጠው። የአደጋ ሥጋት ካርታው ላይ ትምህርት ቤቶቻቸው ሱናሚ ከሚደርስበት ክልል ውጪ ነበሩ። ነገር ግን ቶሺታካ ካታዳ የተባሉ ፕሮፌሰር ከከተማዋ መምህራን ጋር ለዓመታት ሲያስተምሩ፣ ለልጆቹ የሰጧቸው የመጀመሪያ ትምህርት ካርታውን አትመኑ የሚል ነበር። ካርታው ያለፈውን ማዕበል ያሳያል፤ የሚመጣው ከእሱ ሊበልጥ ይችላል። በከተማዋ ያሉ ወደ 3,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተረፉ።

በዚያው ሰፈር አንድ የአደጋ መከላከያ ማዕከል የተባለ ሕንፃ ነበር። ሕንፃው ለሱናሚ የተመደበ መሸሻ አልነበረም፤ ለዚያ የሚሆን ከፍታ የለውም። እውነተኛው መሸሻ ግን ርቀትና ዳገት ነበረው። ስለዚህ አረጋውያንም መጥተው የተሳታፊው ቁጥር ከፍ እንዲል ተብሎ፣ የሰፈሩ ሰው ልምምድ ሲደረግ ወደዚህ ቅርብ ሕንፃ ይሰበሰብ ነበር። በዕለቱም ሰዎች እግራቸው የለመደውን መንገድ ይዘው ወደዚያው ሄዱ። ውሃው ሕንፃውን እስከ ሁለተኛው ፎቅ አጥለቀለቀው፤ ከ100 በላይ ሰዎች በውስጡ ሞቱ። የልምምዱ አዘጋጆች ያሰቡት ክፉ ነገር አልነበረም፤ አዛውንቶችን ላለማድከም ነበር። ልምምድ ሲዘጋጅ «ለዛሬ ብቻ እናቅልለው» የሚል ሐሳብ በመጣ ቁጥር ይህ ሕንፃ ትዝ ይለኛል። የሚቀለው ነገር ምን እንደሚያስተምር ሳይጠየቅ ማለፍ የለበትም።

ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነገር ይመስለኛል። ልጆቹ የተማሩት መንገድ ብቻ አልነበረም፤ መንገዱ ትክክል ይሁን አይሁን መጠየቅንም ነው። ጥሩ ሲናሪዮ በመሐሉ ዕቅዱን የሚያፈርስ ነገር ይኖረዋል፦ የተመደበው መሸሻ ተደርምሷል፣ ራዲዮው ዝም ብሏል፣ አዛዡ ራሱ ተጎድቷል። ሠልጣኞች መጀመሪያ ይናደዳሉ፤ «ይህ ከዕቅዱ ውጪ ነው» ይላሉ። አዎ፣ ከዕቅዱ ውጪ ነው።

ስለ ጥንቃቄ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ልምምድ ልምምድ መሆኑ በእያንዳንዱ መልእክት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ መነገር አለበት፤ እውነተኛ አደጋ ቢነሣ ሁሉን የሚያስቆም አንድ የታወቀ ቃልም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2018 በሃዋይ የማስጠንቀቂያ ማዕከል በተደረገ ድንገተኛ ልምምድ ላይ የተነበበው መልእክት «ልምምድ» የሚልም «ይህ ልምምድ አይደለም» የሚልም ነበረበት። አንድ ሠራተኛ እውነት መስሎት ሚሳኤል እየመጣ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ለመላው ግዛት ስልክ ላከ። ማስተባበያው በስልክ የደረሰው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነው።

ትምህርቱ የሚገኘው ከልምምዱ ራሱ ይልቅ ቀጥሎ ባለው ግምገማ ውስጥ ነው። ጊዜ ሲያጥር ግን መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፤ ለሁለት ሰዓት ልምምድ አሥር ደቂቃ ግምገማ፣ ከዚያም ጭብጨባ። ቢያንስ እኩል ሰዓት ያስፈልገዋል። ጥያቄውም መስተካከል አለበት። «ለምን ዘገየህ?» የተባለ ሰው ራሱን ይከላከላል፤ ከእሱ የሚገኘው ሰበብ ብቻ ነው። «3:05 ላይ ምን ታውቅ ነበር? ምን መሰለህ? ከማን ምን እየጠበቅህ ነበር?» የተባለ ሰው ግን የሥርዓቱን ቀዳዳ ያሳየናል። ምናልባት የጥበቃ ሠራተኛው ውሃውን ያየው 2:50 ላይ ሆኖ ለማን እንደሚናገር ስላላወቀ 15 ደቂቃ ቆይቶ ይሆናል። ያ የጥበቃው ጥፋት አይደለም፤ ግድግዳው ላይ ያልተለጠፈ ስልክ ቁጥር ነው። አለቃው ባለበት ክፍል እንዲህ ያለ ነገር እንዲወጣ ደግሞ አለቃው ራሱ ቀድሞ «እኔ እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ» ማለት አለበት። ልምምዱ ለሠራተኛ ምዘና የሚውል ከሆነ ማንም አይናገርም፤ ሰው የሚደብቀውን ይለማመዳል።

ግኝቱ ከወጣ በኋላስ? እጅግ የሚያሳዝኑኝ ታሪኮች ያሉት እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2004 የአሜሪካ የፌዴራልና የሉዊዚያና ባለሥልጣናት ፓም የሚል ስም በሰጡት ምናባዊ አውሎ ነፋስ ላይ ለቀናት ተለማመዱ። በታሪኩ ውስጥ ማዕበሉ የኒው ኦርሊንስን የጎርፍ መከላከያ አልፎ ከተማዋን ያጥለቀልቃል፤ መኪና የሌላቸው ብዙ ሰዎች መውጣት ያቅታቸዋል። ዕቅዱን ለመጨረስ ታስበው ከነበሩት ቀጣይ ስብሰባዎች አንዳንዶቹ በገንዘብ ምክንያት ዘገዩ። በኦገስት 2005 መጨረሻ ካትሪና የተባለችው እውነተኛ አውሎ ነፋስ መጣች፤ ከተማዋ ሰጠመች፤ ከ1,000 በላይ ሰው ሞተ። በእንግሊዝም በኦክቶበር 2016 ሲግነስ በተባለ የሦስት ቀን ልምምድ ላይ ከ900 በላይ ሰዎች የጉንፋን ወረርሽኝ ሲናሪዮ ሠርተው፣ የአገሪቱ ዝግጅት ከባድ ወረርሽኝን ለመቋቋም እንደማይበቃ ደመደሙ። ሪፖርቱ ለሕዝብ ይፋ የሆነው በ2020፣ ኮቪድ-19 ከገባ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። እዚህ ውሻው የጮኸው ጅቡ ሳይመጣ ነው፤ በጊዜው የተነሣው ግን ጥቂት ነበር።

ስለዚህ ልምምድ ለማዘጋጀት ያሰበ ሰው በጀቱንና ጊዜውን ሲከፍል ለማስተካከያው ቀድሞ ያስቀምጥ። ለጅማሬ ትልቅ ነገር አያስፈልግም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ጥያቄ፣ አምስት መልእክት፣ ከዚያ ሌላ አንድ ሰዓት ለግምገማ። ከአለቆቹ ጋር የጥገና ባለሙያው፣ የስልክ ኦፕሬተሯ፣ የሌሊት ጥበቃው ይቀመጡ። ከግምገማው ሠላሳ ምክረ ሐሳብ ማውጣት ቀላል ነው፤ ሠላሳው ግን ማንም ሳይሠራው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሦስት ይበቃል፤ እያንዳንዱ የሚሠራው ሰው ስምና የሚያልቅበት ቀን ተጽፎበት። ከስድስት ወር በኋላ የሚደረገው ልምምድ አዲስ ታሪክ አይፈልግም። ያው ወንዝ፣ ያው ምሽት፣ ያው ሆስፒታል ይሁን፤ ፓምፑ እስካሁን ምድር ቤት ከሆነ ውሃው በዚያው በ3:05 ይመጣል።